የመጀመሪያዋ አረፋ

ጀርመኖቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሰው ሲያዋርዱ እንኳ በግርጌ ማስታወሻ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። በመኸር ማብቂያ ናጋኦካ ከተማ የደረሰው መጽሔት ላይ ያሰፈሯት ማስታወሻ ሁለት መስመር አትሞላም። «የኢዋዳቴ የበረዶ ወራት ልኬቶች ከእኛ ጋር አይገጥሙም፤ ምክንያቱን አላወቅንም» ትላለች፤ በቃ። ፕሮፌሰር ኢዋዳቴ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ሳንባቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው እህል አልቀምስም ያሉት በዚህች ሁለት መስመር የተነሳ ነው።

ማስታወሻዋን ያነበበችላቸው ናሩሴ ፉሳዬ ናት። መነጽሬ ጭጋግ ያዘው ብለው ነበር መጽሔቱን የሰጧት። የጋዝ መለኪያ ቤቱን ከእሳቸው ተረክባ የምትመራ፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ትዳር ሳይሆንላት ዕድሜዋን ወፍራም መስታወት ላይ አፍጥጣ የጨረሰች ሴት ናት። ወጣት ሆና ትምህርቷን ስትጨርስ ማንም ሊቀጥራት አልፈለገም፤ «ሴት ዓይኗ ይቅበዘበዛል» ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ኢዋዳቴ ብቻ «ዓይን ወንድና ሴት የለውም፣ ነገ ነይ» አሏት። እሷም ነገ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣችም። የወለዷት አባቷ ቀድመው ሞተዋል። እኚህን ሰው አባቴ ብላ ጠርታ አታውቅም፤ ነገር ግን በልቧ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

ሥራቸው ለሰው ሲያወሩት ሥራ አይመስልም። ሁለት ጋዝ በታወቀ ድርሻ ይቀላቀላል። በወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ ተጭነው ተጭነው ፈሳሽ ያደርጉታል። ከዚያ ግፊቱን ቀስ እያሉ ይለቁለታል። አንድ ቦታ ሲደርስ ከፈሳሹ መሀል የመጀመሪያዋ አረፋ ብቅ ትላለች፤ ያን ጊዜ ፈሳሹና እንፋሎቱ ተካክለው ቆሙ ይባላል፤ ግፊቱ ይመዘገባል። ከዚያ ሙቀቱን ቀይሮ እንደገና፣ ድርሻውን ቀይሮ እንደገና። በዚህ ነው ዕድሜ የሚያልቀው። ነገር ግን ከምድር የሚወጣውን ጋዝ ለይተው የሚሸጡት ፋብሪካዎች ጋዙን የሚለዩበትን ማማ የሚያቆሙት በዚህ ቁጥር ነው። ያን ሰሞን እንኳ ባሕሩ ዳር አንድ አዲስ ማማ መሠረቱ እየተቆፈረ ነበር፤ መሐንዲሶቹ በእጃቸው የያዙትም የኢዋዳቴን ሠንጠረዥ ነው።

ሽማግሌው ያወጡት አንድ ሕግም ነበር። አረፋዋን ሁለት ሰው ያያል። የብረቱ ዕቃ ግራና ቀኝ መስኮት አለው፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይቀመጣል። መነጋገር የለም። አረፋዋን ያየ ጠረጴዛውን ይመታል። የግፊት መለኪያው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው በየምቱ ቁጥሩን ይጽፋል። ሁለቱ ምቶች ከተለያዩ ልኬቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። «ቁጥሩን ቀድሞ ያወቀ ዓይን ያላየውን ያያል» ይሉ ነበር ኢዋዳቴ። ይህን ያላሉት ተማሪ አልነበራቸውም።

«ለኪልኝ፣ ናሩሴ» አሏት ያን ቀን፣ መጽሔቱን ከአልጋው እየገፉ። «የእኔን ያህል ጊዜ ስጪው። ከዚያ ለእነዚያ ሰዎች ጻፊላቸው።»

እሷም ደስ አላት፤ አይደበቅም። ውለታ የምትመልስበት ቀን የመጣ መሰላት። ጀርመኖቹ እንደተሳሳቱ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረችም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በረዶው ጣሪያ ሊውጥ በጀመረበት ሰሞን ከኩሳካ ጋር ለኩት። ኩሳካ የእሷ ምክትል ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ጨዋታ ይወዳል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ከጎረቤት ቢሮ አንድ ሰው ለምነው መጋረጃው ጀርባ አስቀመጡ። ሁለቱ ምቶች አንድ ላይ ወረዱ። ቁጥሩን ሲያዩት የጀርመኖቹ ነው። ዕቃውን አጥበው፣ አድርቀው፣ አዲስ ጋዝ ሞልተው ደገሙት። አሁንም የጀርመኖቹ ነው።

«የመምህር የበጋ ልኬቶች ግን ይገጥማሉ» አለ ኩሳካ፣ ሠንጠረዡን ላምባ ምድጃው አጠገብ ዘርግቶ። «በበጋ ደህና፣ በረዶ ሲመጣ ብልሽት። ልክ እንደኔ ጉልበት።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም፣ ወይዘሪት ናሩሴ። ጉልበቴን ነው የነገርኩዎ። እስቲ ይንገሩኝ፣ በጋ ላይ የሌለ በረዶ ላይ ያለ ምንድነው? በረዶ! ሌላ ምን አለ?»

ይህን ብሎ አካፋውን ይዞ የጓሮውን በር ሊጠርግ ወጣ። እሷም ባዶውን ሻይ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየው ጀመር። አካፋው በረዶውን ሲያነሳው ግድግዳው ሥር የተተከለ የዛገ ብረት መደርደሪያ ብቅ አለ። መደርደሪያውን ታውቀዋለች። ድሮ የጋዝ ቅይጡ ሲሊንደሮች የሚቆሙት እዚያ ነበር።

የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ሰፈሩ ውስጥ ቤት ተቃጥሎ ሰው ሞተ። ኢዋዳቴ ደንግጠው «የሚነድ ነገር ተማሪዎቼ ካሉበት ጣሪያ ሥር አያድርም» አሉ፤ ሲሊንደሮቹም ወደ ውጭ ወጡ። ከእነሱ ቀጭን ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ናጋኦካ በሰው ዕድሜ ያልታየ በረዶ ወረደባት፤ ሰው በፎቁ መስኮት ነበር የሚወጣው። የኢዋዳቴን ስም ያስጠሩት ልኬቶች የተሠሩት ያን ጊዜ ነው። እነሱ ውስጥ፣ ምድጃ አቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አረፋ ይጠብቃሉ። ውጭ ሲሊንደሩ ውስጥ ደግሞ ከባዱ ጋዝ በብርዱ ፈሳሽ ሆኖ ታች ተኝቷል፤ በቱቦው የሚገባው ቀላሉ የበዛበት ሌላ ቅይጥ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን ድርሻ ይጽፋሉ፣ ያልተለጠፈውን ይለካሉ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ቅይጥ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚለያይ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም፤ እንጀራቸው ነው። በገዛ ጓሯቸው ሲለያይባቸው ግን አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየም። ለምን ቢባል፣ መምህር አስወጡ ብለዋል፣ ወጥቷል፤ አለቀ። መምህር ያሉትን ነገር ዞሮ ማየት ራሱ ነውር ነበር። በኋላ ሞቃት ማከማቻ ተሠራና ነገሩ ሳይታወቅ ተረሳ።

«ምን ሆኑ?» አላት ኩሳካ፤ ብርጭቆው ከእጇ ወድቆ በረዶው ላይ ተኝቷል።

ነገረችው። ኩሳካም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት አጣ።

እሑድ እንደ ልማዷ ሆስፒታል ሄደች። በአውቶቡስ ስትሄድ ስለ ሲሊንደሩ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር። ስትደርስ አንገታቸውን አየችው፤ ከፒጃማው ኮሌታ ውስጥ እንደ ዶሮ አንገት ቀጥኖ ወጥቷል። ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

«ስንት ሰጠሽ?» አሉ ድምፅዋን እንደሰሙ።

«የጀርመኖቹን፣ መምህር።»

«ሁለተኛው ዓይን ማን ነበር?»

«ኩሳካ።»

«ኩሳካ!» ሳቅ የጀመሩት ሳል ሆነባቸው። «ኩሳካ የቤዝቦል ኳስ እንኳ ግንባሩን ስትለው ነው የሚያያት። ኩሳካን ዓይን ብለሽ ነው የመጣሽው?»

«ሁለት ጊዜ ለካነው። ገጠመ።»

«ሁለት ጊዜ ቢሳሳቱት እውነት ይሆናል? እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጠው። «ሁለተኛው እኔ እሆናለሁ። ውሰጂኝ።»

«ሐኪሙ አይፈቅድም።»

«ሐኪሙን ለእኔ ተይው። ስሚ፣ ናሩሴ። ሚስቴን ቀብሬያለሁ። ልጅ የለኝም። ያ ሠንጠረዥ ነው ያለኝ። እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ተሳስቶ ነበር ተብዬ አልሞትም። ገባሽ? አልሞትም።»

ገብቷታል። ለዚህ ነው ስለ ሲሊንደሩ ሳትነግራቸው የወጣችው። ስትወጣ አንድ ተስፋ ይዛ ነበር፤ የገዛ ዓይናቸው አረፋዋን ያይና ራሱ ይነግራቸዋል፣ እኔም ከመናገር እተርፋለሁ የሚል። ደካማ ተስፋ ነው፤ ግን ሌላ አልነበራትም።

ሐኪሙ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈቀደ። በረዶው ጋብ ያለለት ቀን ነበር። ተሽከርካሪው ወንበር በረዶው ላይ አልሄድ ሲል ኩሳካ ሽማግሌውን ከመኪናው አውጥቶ አዘላቸው።

«መምህር፣ ከባዶ ሲሊንደር ይቀልላሉ እኮ።»

«ሲሊንደር ግን አይሰድብህም። ወደ ቀኝ ያዝ! ቦይ አለ እዚያ ጋ።»

«ቦዩ ከተደፈነ አሥር ዓመቱ ነው።»

«ማንን ጠይቃችሁ ደፈናችሁት?»

ናሩሴ ከኋላ ኮታቸውን ይዛ ስትሄድ ፈገግ አለች። እንዲህ ሲቆጡ ደህና ይመስላሉ።

ገብተው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ግፊቱ የሚለቀቅበትን መዘውር ነኩና አንድ ዙር መለሱት፤ ጥርሱ ቀጭ አለ። ራሳቸው ቀርጸው ያሠሩት መዘውር ነው፤ በየዙሩ ቀጭ ይላል። «ዘይት አልቀባችሁትም» አሉ። ተቀብቷል። ኩሳካ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ናሩሴ ፈሳሹን እስከ ላይኛው ግፊት ድረስ ጫነችው፣ ዕቃውን የከበበው የገንዳ ውሃ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠበቁ፤ ከዚያ «ልጀምር ነው» አለች። ይህ የሚፈቀደው የመጨረሻ ቃል ነው።

መዘውሩን በግራ እጇ ዙር በዙር ትለቃለች፣ በቀኟ እርሳስ ይዛለች፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ፈሳሹ ጥርት ብሏል። ቀጭ። ቆየት ትልና፣ ቀጭ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ በፈሳሹ ውስጥ አሻግራ የሽማግሌውን ፊት ታያለች፤ ስንት ዓመት እንዲህ ተያይተዋል።

ዛሬ ግን ያ ዓይን መስኮቱ ላይ አልነበረም። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ለብሶ ወደ ባዶ ግድግዳ ያያል። አንገታቸውን አዘንብለው ጆሯቸውን ለመዘውሩ ሰጥተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀጭ ሲል ከንፈራቸው አንድ ይጨምራል። ቀጭ፣ ደግሞ አንድ።

እየቆጠሩ ነው።

ከላይኛው ግፊት ተነስቶ ወደ እሳቸው ቁጥር ስንት ዙር እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ማን ያውቃል? መጽሔቱን ያስነበቧት በመነጽሩ ጭጋግ እንዳልነበረ ናሩሴ አሁን ገባት። ልትጮህ ፈለገች፣ ልትስቅ ፈለገች፣ ግን መነጋገር ክልክል ነው። እንደገና ለቀቀችው፤ ቀጭ።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን መቱ። ጠንካራ፣ እርግጠኛ ምት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የኩሳካ እርሳስ ወረቀቱን ሲጭር ተሰማ።

ፈሳሹ ውስጥ ምንም የለም።

አሁን ነገሩ ሁሉ በናሩሴ ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። አሁኑኑ ብትመታ ሁለቱ ምቶች አንድ ናቸው፤ ሕጉ ተሟልቷል። ጀርመኖቹ መልሳቸውን ያገኛሉ። ኩሳካ ያውቃል፤ ግን ኩሳካ ሽማግሌ ገድሎ የሚያድር ሰው አይደለም፤ ዝም ይላል። እኚህ ሰው ስማቸው ሳይነካ ይሞታሉ። ባሕሩ ዳርም ማማው ባልሆነ ቁጥር ይቆማል፤ ከሥሩ ሰው ይሠራል። ልቧ ምቺ አላት። እውነት ለመናገር ልቧ ሌላ ነገር አላላትም። እርሳሱን እስከ ጠረጴዛው አፋፍ ድረስ አወረደችው።

ግራ እጇ ግን መዘውሩን አንድ ዙር ለቀቀው። ቀጭ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ቀጭ። አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት፤ የራሳቸው ሕግ አፋቸውን ይዞታል። ቀጭ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ መዘውሩ ላኩት፣ ሳይነኩት መለሱት። ቀጭ። ናሩሴ እንባዋ መስታወቱን እንዳያጨልምባት ዓይኗን ትጨመድዳለች፤ እሳቸውን ላለማየት ብትሞክርም አረፋዋን የምታየው በእሳቸው ፊት ላይ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ቀጭ።

ከፈሳሹ ግርጌ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነገር ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ተላቀቀችና ወደ ላይ ወጣች። ናሩሴ መታች።

ኩሳካ መጋረጃውን አልገለጠም። «ሁለት ቁጥር ነው ያለኝ» አለ ከጀርባ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዓይኗ ዘግይቶ ነው» አሉ ኢዋዳቴ። «እሷ ዓይኗ ዘገምተኛ ነው። ከጥንትም ዘገምተኛ ነው።»

«መምህር…» አለ ኩሳካ።

«አንተ ዝም በል! እኔ ነኝ የማውቃት። ማንም አልይዝ ሲላት አዝኜላት ነው የያዝኳት። ስለ ዓይኗ መሰላችሁ? አዝኜላት ነው!»

ሳሉ ያዛቸው። ኩሳካ ወጥቶ ደገፋቸው። ናሩሴ ከወንበሯ ተነስታ፣ እንደማያዩዋት እያወቀች፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ እጅ ነሳች።

«ልክ ነዎት፣ መምህር። ዘግይቻለሁ።»

ኩሳካ መልሶ አዝሎ ወደ መኪናው ወሰዳቸው።

በማግስቱ ከኩሳካ ጋር ደገመችው። ሁለቱ ምቶች ገጠሙ፤ ያው ቁጥር ነው። ለማማው መሐንዲሶች ስልክ ደወለች፤ ለጀርመኖቹ ደብዳቤ ጻፈች። የእናንተ ልክ ነው፣ የእኛ የበረዶ ወራት ልኬቶች ይሰረዙ አለቻቸው፤ ምክንያቱንም ከነሲሊንደሩ አስረዳች። ፖስታውን ስትከት ኩሳካ ሻይ ቀድቶላት አጠገቧ ቆመ።

እሑድ መንደሪን ገዝታ ሄደች። እንዳትመጣ የከለከላት ነገር የለም ብላ ራሷን አሳመነች። አሁን ደግሞ የምትሰጣቸው ማጽናኛ ያገኘች መስሏት ነበር። በአውቶቡስ ደጋግማ ለራሷ ነግራዋለች፤ እንዴት ቀድሞ አልታየኝም እስክትል ድረስ መድኃኒት መስሎ ታይቷታል።

«ላክሽው?» አሉ። ፊታቸው ወደ ጣሪያው ነው።

«ላክሁት።»

ወንበር ስባ ተጠጋች።

«መምህር፣ እባክዎ ይስሙኝ። ዓይንዎ አልተሳሳተም። ያን ጊዜ ያዩት አረፋ እውነተኛ አረፋ ነው፤ የጻፉት ግፊት ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። ቅይጡ ነው ሌላ የነበረው። ሲሊንደሩ ውጭ በረዶ ውስጥ ስለነበረ ከባዱ ታች ተኝቶ ቀላሉ ብቻ ይገባ ነበር። ዓይንዎ ግን ልክ ነበር። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ፊታቸው እየተፈታ የመጣ መሰላት። ከዚያ ቅንድባቸው ተጠጋጋ፤ አንድ ነገር ሲያሰሉ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ነው።

«ሲሊንደሩን ውጭ ያስወጣው ማን ነው?»

ናሩሴ የመንደሪኑን ከረጢት ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ጠየቅሁሽ እኮ። ማን ነው?»

«እሳቱን ፈርተው ነው፣ መምህር። ለእኛ አስበው ነው።»

አልጋው ላይ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ትንሽ ጀርባቸው ወደ እሷ ሆነ። ሲናገሩ ቁጣም አልነበረባቸውም።

«ጥፋቱ የዓይኔ ነው ብዬ ነበር፣ እዚህ ተኝቼ። ዓይን ያረጃል። ማንም አይፈርድበትም። ጭንቅላቴን ግን አልጠረጠርኩትም ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ቁጥሩን ወሰድሽ። ላክሽው። ታዲያ ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ከከረጢቱ አንድ መንደሪን አውጥታ ላጠችው፤ ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቀመችላቸው፤ ክሩን እንደማይወዱ ታውቃለች። ዞራ ሄዳ የተዘረጋ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቻቸው አልጨበጡትም። የጠያቂ ሰዓት አለቀ እስኪባል ድረስ እዚያው ቁጭ ብላ ቆየች፤ ከዚያ ኮቷን ለብሳ ወጣች።